«አገር ስጠኝ»፦ በእንቆቅልሽ የተሸነፈ የሚከፍለው ዕዳ

«እንቆቅልህ!»
«ምን አውቅልሽ!»
«ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።»

ልጁ ያስባል። «ጥላ!» ይላል። አይደለም። «ድመት!» አይደለም። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ታናሽ እህቱ ልትናገር አፏን ስትከፍት «ዝም በይ፣ እኔ ነኝ የተጠየቅኩት!» ይላታል። በመጨረሻ መላው ሲጠፋው ጠያቂዋ እጇን ትዘረጋለች። «በል እንግዲያ፣ አገር ስጠኝ!»

የዛሬው ጉዳያችን ይህች «አገር ስጠኝ» የምትባለው አነጋገር ናት። በአማርኛ ያደገ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ሰምቷታል። ብዙዎቻችን እንቆቅልሹን እናስታውሳለን። መልሱንም እናስታውሳለን። መሃል ላይ ያለውን ይህን ክፍያ ግን እንደ ማጣፈጫ ብቻ እንቆጥረዋለን። እኔ የጨዋታው ልብ እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ወይም «እንቆቅልሽ» ይላል። ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ይህን ካላለ እንቆቅልሹ አይነገረውም። መልሱን ካወቀ ተራው የሱ ይሆናል። ካላወቀ አገር ይሰጣል። ወሎ ውስጥ ይህ ጨዋታ የሚደምቀው ማታ ነው። ከብቱ ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ ቡና ሲፈላ። ከአቦል እስከ ቶና፣ ከቶና እስከ በረካ ጊዜ አለ። ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ተቀምጧል። ከዚህ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣል?

«ደሴን ሰጠሁሽ» ይላል ልጁ።

ጠያቂዋ ከወደደች ትቀበላለች። ካልወደደች ታማርጣለች። «ደሴ ብርድ ነው፣ አልፈልግም፣ ሌላ ጨምርልኝ።» ኮምቦልቻ ይጨመርላታል። እሱ ሞቅ ይላል። «እሺ፣ ይሁን» ትልና ጉዞዋን ትጀምራለች። ደሴ ገብታ ምን እንደበላች፣ ኮምቦልቻ ወርዳ ምን እንደጠጣች፣ ማን እንደተቀበላት፣ ምን እንዳለበሷት ትደረድራለች። መልስ ላጣው ልጅ ደግሞ ከድግሱ ምን እንደተረፈለት ትነግረዋለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው አጥንትና አተላ ነው። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የድርደራው ቃል ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዳንዱ በግጥም ያወርደዋል፣ አንዳንዱ በዝርው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው መልሱ የሚነገረው።

ጤዛ ናት። ጠዋት ሲሄዱ ሳሩ ላይ ታበራለች። ፀሐይ ወጥታ ሲመለሱ የለችም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ለምን አገር? ለምን ብር፣ ለምን በግ፣ ለምን ቆሎ አልሆነም?

በድሮው አነጋገር ንጉሥ አንድን ሰው «አገር ሰጠው» ከተባለ ሾመው ማለት ነው። የሚያስተዳድረውን ሕዝብ፣ የሚያስገብረውን መሬት ሰጠው ማለት ነው። ጀግና ተዋግቶ ሲመለስ፣ ባለሟል በብልሃቱ ሲወደድ ጉልት ይሰጠው ነበር። አገር የትልቅ ሥራ ዋጋ ነበር። እንቆቅልሽ ጠያቂውም «አገር ስጠኝ» ሲል በዚህ ቋንቋ ነው የሚናገረው። በብልሃት አሸንፌሃለሁና ሹመኝ ነው የሚለው።

የሚገርመው ግን ሌላኛው ወገን ነው። አገር መስጠት የሚችል ማን ነው? ንጉሥ ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ የጠፋው ልጅ ለአፍታ ንጉሥ ሆኖ ያርፋል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደሴን ያህል ከተማ፣ ንጉሥ ሚካኤል የተቀመጡባትን፣ በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር የተበላባትን ከተማ አንስቶ «ሰጠሁሽ» ይላል። አላወቀም፤ ግን ሰጪ ሆኗል። ትንሽ ይፎገራል፣ እሱም ይስቃል፣ ከዚያ መልሱን በክብር ይቀበላል። አለማወቅን እንዲህ አድርጎ የሚያስተናግድ ጨዋታ እኔ ሌላ አላውቅም። ትምህርት ቤት ላልመለሰ ተማሪ ቀይ ኤክስ ነው ያለው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ጉልት የሚሰጥም የሚቀበልም የለም። ቋንቋው ግን በልጆች አፍ ላይ ቀርቷል።

ተሸናፊ ይክፈል የሚለው ሐሳብ ራሱ በጣም የቆየ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ ሶምሶን በሠርጉ ግብዣ እንቆቅልሽ ያቀርባል። ከበላተኛው መብል ወጣ፣ ከብርቱውም ጣፋጭ ወጣ ይላል። መልሱ በሞተ አንበሳ ውስጥ የተገኘ ማር ነው። ውርርዱ 30 ቀሚስና 30 ልውጥ ልብስ ነበር። ያ ታሪክ መጨረሻው አላማረም። ሰዎቹ መልሱን ያገኙት ሚስቱን አስፈራርተው ነው፤ ከዚያ የመጣው ደም ነው። የኛዎቹ ዕዳውን አገር ያደረጉት መልካም አደረጉ እላለሁ። አገር በቃል ይሰጣል፣ ማንም አይደኸይበትም።

ስለ እንቆቅልሽ ሲነሳ ንግሥተ ሳባም ትነሳለች። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው እንደመጣች ተጽፏል። ወሎ ላይ ይህ ታሪክ ሁለት ቤት አለው። በአንዱ ቤት ማክዳ ናት፣ በሌላው በልቂስ። በቁርኣን ሱረቱ ነምል ላይ ደግሞ ፈታኙ ሱለይማን ነው። ዙፋኗን ለውጠው አቆዩላትና «ዙፋንሽ እንዲህ ነውን?» ተባለች። «እሱን ይመስላል» አለች። ነውም አላለች፣ አይደለምም አላለች። ቀጥሎ የመስተዋቱን ወለል ባየች ጊዜ ውኃ መስሏት ልብሷን ከባቷ ሰበሰበች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ረከቦት ዙሪያ በሚቀመጥበት አገር እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን መስማት ትልቅ ደስታ ነው። በአንደኛው ንግሥቲቱ ጠያቂ ናት፣ በሌላኛው ተጠያቂ። ተራ ሲለዋወጡ ማለት ነው።

ሌላው የምወደው ነገር ጨዋታው ዕድሜ አለመምረጡ ነው። አራት ዓመት የሆነችው ልጅ «መግቢያ መውጫ የሌላት ነጭ ቤት» ተብላ «እንቁላል!» ስትል ቤቱ ያጨበጭብላታል። ትንሽ ከፍ ላለው «ሲቀመጥ የሚረዝም፣ ሲቆም የሚያጥር» ይሰጠዋል። ሰው ሰው እያሰበ ይደክማል። ውሻ ነው። ደጅ ላይ ተቀምጦ የሚያየው የገዛ ውሻው ነው።

ከዚያ ወዲያ ጭንቅላት የሚያዞሩት ይመጣሉ። አንድ ገበሬ ነብር፣ ፍየልና አንድ ሸክም ቅጠል ይዞ ሐይቅ ዳር ደረሰ እንበል። ታንኳዋ ከሱ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትይዘው። ነብሩን ከፍየሏ ጋር ትቶ ከሄደ ፍየሏ አለቀላት። ፍየሏን ከቅጠሉ ጋር ከተወ ቅጠሉ አለቀለት። እንዴት ያሻግራቸው? ይህ እንቆቅልሽ በብዙ አገር፣ በልዩ ልዩ እንስሳ ይነገራል። ልጆች በባቄላ፣ በጠጠርና በቅጠል ምድር ላይ አስቀምጠው ቢሞክሩት ቶሎ ይገባቸዋል። ሁሉም የሚቸገረው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አንዴ የተሻገረን ነገር መልሶ ማምጣት ሞኝነት ይመስላቸዋል። ቁልፉ ግን እሱ ነው። መጀመሪያ ፍየሏ ትሻገራለች። ቀጥሎ ነብሩ ይሻገራል፣ ፍየሏ ግን ከገበሬው ጋር ትመለሳለች። ፍየሏን ትቶ ቅጠሉን ይወስዳል። በመጨረሻ ለፍየሏ ይመለሳል። መሄድ መመለሱ ሲቆጠር 7 ጊዜ ነው።

ለትልልቆቹ የባቲ ግመሎች አሉ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከአፋር ቆላ የሚወጣውና ከደጋ የሚወርደው የሚገናኝበት ነው። እናም አንድ የግመል ነጋዴ ለሦስት ልጆቹ 17 ግመል ተናዘዘ እንበል። ለትልቁ ግማሹን፣ ለመካከለኛው ሲሶውን፣ ለትንሹ ከዘጠኝ አንድ እጁን። (ባቲ ላይ ይህን ስትጠይቁ አንድ ሸህ ቢኖሩ «ወንድ ልጆች እኮ እኩል ነው የሚወርሱት» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ነጋዴውን የፈጠረው እንቆቅልሹ ነው።) 17 ለሁለት አይገባም። ለሦስትም አይገባም። ለዘጠኝም አይገባም። ልጆቹ ግመል ሊያርዱ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሽማግሌ «ቆዩ፣ የኔንም ግመል ጨምሩበት» አላቸው። 18 ሆነ። ትልቁ 9 ወሰደ። መካከለኛው 6 ወሰደ። ትንሹ 2 ወሰደ። ድምሩ 17 ነው። ሽማግሌው ግመላቸውን ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ምሥጢሩ ያለው ኑዛዜው ላይ ነው። ግማሽ፣ ሲሶና ዘጠነኛ ቢደመሩ ሙሉ አይሞሉም። ከ18 እጅ 17ቱን ነው የሚሆኑት። አባትየው ሁሉንም አላካፈሉም ነበር ማለት ነው። የሽማግሌው ግመል የገባችው ቆጠራው እንዲቃና ብቻ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይን በዚህ ቢማር ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ከሁሉም በላይ ያለው ደግሞ ቅኔ ነው። ሰሜን ወሎ ውስጥ ያለው ዋድላ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። የዋድላ ቅኔ የግእዝ ነው። አማርኛውም ግን የራሱ ሰምና ወርቅ አለው።

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ የአዳም በደልና የስቅለት ነገር ነው። ወርቁ ፍቅር ነው፤ ከንፈርሽን ቀምሶ ልቤ ባንቺ ተንጠለጠለ ይላል። እዚህ ላይ ማንም «እንቆቅልህ» ብሎ አያስጠነቅቅም። አገር ስጠኝ የሚልም የለም። ያልገባው ሰው እንዳልገባው እንኳ ሳያውቅ ጭብጨባውን አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ነው ልጅ በእንቆቅልሽ ቢጀምር ይሻላል የምለው። «እዚህ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ» ተብሎ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ መፈለግን ይለምዳል።

አነጋገሩ ከጨዋታው ውጭም ይሠራል። ያልተፈታለት ነገር ያለበት ሰው «እንቆቅልሽ ሆነብኝ» ይላል። ወሬ አንጠልጥሎ ለሚያስጨንቅ ጓደኛ ደግሞ «ኧረ አገር ልስጥህና ንገረኝ!» እንለዋለን። ተሸንፌአለሁ፣ በቃኝ፣ አታድክመኝ ማለት ነው። ሽንፈትን እንዲህ በሳቅ ማመን ለብዙ ክርክር መድኃኒት ይሆን ነበር።

አሁን አሁን ልጆች እንቆቅልሽ ሲጠየቁ እጃቸው ወደ ስልክ ይሄዳል። ስልክ አገር አይጠይቅም። መልሱ ወዲያው ይመጣል፣ ወዲያውም ይረሳል። ሳይገምት፣ ሳይሳሳት፣ ሳይከፍል የመጣ መልስ ልጁ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ በቡና ሰዓት ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ ልጆቹን ሰብስቡልኝ።

አንድ ደንብ ጨምራችሁ ብትጫወቱ ደግሞ ደስ ይለኛል። አገር የሚሰጠው ልጅ ስለሚሰጠው አገር አንድ ነገር ይናገር። ላሊበላን ከሰጠ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ 11 መሆናቸውን ይንገር። ሐይቅን ከሰጠ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያስነሱትን አባ ኢየሱስ ሞዓን ያንሳ። መቅደላን የሰጠ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. እዚያ መሞታቸውን ይወቅ። ውጫሌን የሰጠ ከጣሊያን ጋር በ1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው ውል ይጠየቅ። ካልተናገረ ጠያቂው «ይህን አልቀበልም፣ የምታውቀውን አገር ስጠኝ» ማለት ይችላል።

አያቶችም ከደንቡ ነፃ አይደሉም። ልጆቹ ይጠይቋቸው። ካላወቁ እነሱም ይስጡ። አያት ሲሰጡ የሚሰጡት የተወለዱበትን ቀዬ ነው፤ ልጆቹ ስሙን እንኳ ሰምተውት የማያውቁትን መንደር። የት ነው፣ በየት ይኬዳል፣ ወንዙ ማን ይባላል እያሉ ሲጠይቁ ሁለተኛው እንቆቅልሽ ሳይጠየቅ በረካው ይደርሳል።