ዲሬክቴር ስፖርቲፍ ምንድን ነው? (አሰልጣኝ ግን አይደለም)

«አሰልጣኙ ማርክ ማድዮ ፒኖን ኮከብ አደረገው።» አሁንስ በዛ! አንድ የስፖርት ተንታኝ ስለ ፈረንሳዊው የብስክሌት ጋላቢ ቲቦ ፒኖ ሲያወራ ሰሞኑን ደግሞ ደገመው። በሙያዬ የብስክሌት አሰልጣኝ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ማድዮ የማንም አሰልጣኝ አይደለም። ፓሪስ-ሩቤ የተባለውን የአንድ ቀን የብስክሌት ውድድር በ1985 እና በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሸነፈ ፈረንሳዊ ጋላቢ ነበር። በ1997 የፈረንሳይ ሎተሪ ስፖንሰር ያደረገውን ቡድን መሥርቶ የቡድን አለቃ ሆነ። አለቃ ስፖንሰር ያግባባል፣ ጋላቢ ያስፈርማል። ለቲቦ ፒኖ ለብዙ ዓመት ልምምድ ያወጣለት ወንድሙ ጁሊየን ነው። ዲሬክቴር ስፖርቲፍ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው፤ በውድድር ቀን ከኋላ በመኪና እየተከተለ ማን መቼ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደሚያመልጥ የሚወስነው። ትንንሽ ቡድኖች ውስጥ አንድ ሰው ሦስቱንም ይሠራል፤ ድሮማ ትልልቆቹም ዘንድ እንደዚያው ነበር።

ወያላን አስቡት። መሪው እጁ ላይ የለም። ግን ከኋላ የሚመጣውን የሚያየው፣ ማን የት እንደሚወርድ የሚያውቀው፣ «ሳበው!» ብሎ በሩን የሚደበድበው እሱ ነው። በ2012 ቱር ደ ፍራንስ (ሦስት ሳምንት የሚፈጀው የፈረንሳይ ውድድር፣ ባጭሩ ቱር) ፒኖ ስዊዘርላንድ ፖራንትሩይ ላይ ብቻውን ሲያመልጥ ማድዮ በመኪናው መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ በሩን እየደበደበ ሲጮህበት የሚያሳየውን ቪዲዮ ተመልከቱ። አለቃው ያን ቀን ጥርት ያለ ወያላ ሆኖ ነበር! በእግር በኩል ግን ጩኸቱ አንድ ዋት (የጉልበት መለኪያ ነው) አይጨምርም። ያ ጉልበት ከወራት በፊት የተጠራቀመ ነው።

እንዲህም ሆኖ ወያላ ተሳፋሪውን ሁሉ ያደርሳል። ዲሬክቴር ስፖርቲፍ አንዱን ለማድረስ የቀሩትን መንገድ ላይ ያራግፋል። ዛሬ ቱር ላይ አንድ ቡድን ስምንት ጋላቢ ያሰልፋል። ለሰባቱ «ዛሬ አንተ አታሸንፍም፣ ከመሪው ፊት ሆነህ ነፋስ ትከላከላለህ፣ ውኃ ታመጣለህ» ማለት አለበት። እነሱም ሰምተው እሺ ማለት አለባቸው። ሥራው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ሥራ አውራ ሲሪል ጊማር ነው። ጋላቢ ሳለ በ1972 ቱር የዘመኑን ኃያል ጋላቢ ኤዲ መርክስን ሲፎካከር ከርሞ፣ አረንጓዴውን ማልያ (የነጥብ መሪው የሚለብሰውን) እንደለበሰ በጉልበቱ ሕመም ፓሪስ ሳይደርስ አቋርጦ ወጣ። በ1976 ገና በ29 ዓመቱ የዢታን ቡድን ዲሬክቴር ስፖርቲፍ ሆነ። እዚያ ያገኘው ሉሲን ቫን ኢምፕ የተባለውን ቤልጅጋዊ ነው።

ቫን ኢምፕ በ1971፣ በ1972 እና በ1975 የቱር የተራራ ንጉሥ፣ ማለትም በተራራ መውጣት አንደኛው ነበር። እግር አልጎደለውም። የጎደለው ቢጫው ማልያ (የአጠቃላይ መሪው የሚለብሰው) የእኔ ነው ብሎ ማሰብ ነበር። በ1976 ቱር ወደ ሳን-ላሪ-ሱላን በሚወስደው የፒሬኔ ተራሮች ዕለት ሉዊስ ኦካኛ የተባለ ጋላቢ ከሩቅ ፈትለክ አለ። ጊማር «አሁን ሂድ» አለ። ቫን ኢምፕ አመነታ። የዛን ጊዜ ሬዲዮ የለም፤ ጊማር መኪናውን ጎኑ ድረስ ነዳ። «ካልሄድክ ከመንገድ አስወጣሃለሁ» ብሎታል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ሄደ። ተቀናቃኙን ዮፕ ዞተመልክን ከሦስት ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ፣ ቢጫውን ለበሰ፣ ፓሪስም ይዞት ደረሰ።

ተንታኛችን «እንግዲህ አሰልጥኖት ነው» ማለቱ አይቀርም። የቱን? እግሩ የነበረ ነው። ጊማር የሰጠው ሰዓቱን ነው። በዚያ ላይ ኦካኛ የሌላ ቡድን ሰው ሆኖ ሳለ ለቫን ኢምፕ ነፋስ እየቀደደ ባይጎትት ኖሮ ውሳኔው እብደት ይባል ነበር። ይህን የምለው የጊማርን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ አንድን ድል ለአንድ ሰው የሚሸልም ትንታኔ ስለሚያናድደኝ ነው። ቫን ኢምፕም በዓመቱ ቡድኑን ለቅቆ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ጊማር ከበርናር ኢኖ ጋር አራት፣ ከሎረን ፊኞን ጋር ሁለት ቱር አሸነፈ። ማድዮም በሬኖ ቡድን በእሱ ሥር ጋልቧል፤ ሙያው የተወረሰው እንዲህ ነው።

መሳሳትም ከሥራው ጋር ይመጣል። በ1989 ፊኞን በመጨረሻው ቀን ከቬርሳይ ፓሪስ ለሚደረገው የግል ሰዓት ውድድር (እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት) ሲነሳ ግሬግ ለሞንድን በ50 ሰከንድ ይመራ ነበር። ለሞንድ ነፋሱ እንዲቀንስለት ክንዱን ወደፊት የሚዘረጋበት የትሪያትሎን እጀታ ገጥሟል። ፊኞን በተለመደው እጀታ፣ ራሱ ላይ ምንም ሳያደርግ፣ ጸጉሩን ከኋላ አስሮ ወጣ። በ8 ሰከንድ ቱሩን ተሸነፈ። የፊኞን መቀመጫ ቆስሎ ነበር፣ ያም ይቆጠር። ግን ለሞንድ በዚያው ቱር፣ በዚያው እጀታ፣ ከዲናር ሬን የተደረገውን የሰዓት ውድድር አስቀድሞ አሸንፎ ነበር። የፊኞን ዲሬክቴር ስፖርቲፍ ጊማር አይቶ ለመወሰን ከሁለት ሳምንት በላይ ነበረው። እዚህ ላይ ተንታኙ «አሰልጣኙ ተሳሳተ» ቢል አሁንም እከራከረዋለሁ፤ የፊኞን ልምምድ ምንም አልጎደለውም።