ከተተኮሰ በኋላ፦ የጉበት ዕጢ የምስል ክትትል ከጎጃም ሲታይ

ተርማል አብሌሽን ጉበት ውስጥ ያለን ዕጢ ሆድ ሳይከፈት፣ በመርፌ ጫፍ በሚፈጠር ሙቀት አቃጥሎ የመግደል ሕክምና ነው። ዕጢው ተቆርጦ አይወጣም። እዚያው ይሞታል፣ እዚያው ይቀራል። ቀዶ ሕክምና ቢሆን ኖሮ የወጣው ሥጋ ላቦራቶሪ ሄዶ ጠርዙ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ ይታይ ነበር። እዚህ ግን የሚላክ ሥጋ የለም። ዕጢው መሞቱን የሚናገረው በዋናነት ምስል ነው። ይህ ዳሰሳም ስለዚያ ምስል ነው፤ መቼ እንደሚነሳ፣ በምን እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚታይበት።

ጎጃም ስል የድሮውን ነው፤ አባይ የዞረውን፣ ባሕር ዳርንም ጨምሮ። ባሕር ዳር ዛሬ በአስተዳደር ራሷን የቻለች ከተማ ናት። ታካሚው ግን ከሞጣም፣ ከዳንግላም፣ ከፍኖተ ሰላምም ሪፈር ሲጻፍለት የሚሳፈረው ወደ እሷ ነው። ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ያሉት እዚያ ነው። የምሥራቁ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል።

ስሙና አመጣጡ

ማቃጠል ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለጣፊያ ነው፣ ለጉበት ነው እየተባለ ሆድን በጋለ ብረት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። አልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ ሸሚዝ ሲገለጥ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሦስት አራት ክብ ጠባሳ ተሰልፎ ማየት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ አብሌሽንን ለታካሚ ለማስረዳት «መተኮስ» ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ልዩነቱ ያኛው ቆዳ አቃጥሎ ይቀራል፤ ጉበት ጋ አይደርስም። ይኼኛው ቆዳውን ቀዳዳ ብቻ አስቀርቶ ያልፍና ዕጢው መሐል ይግላል።

ከሙቀቱ በፊት የተለመደው አልኮል በመርፌ ዕጢው ውስጥ መጨመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የጣሊያኑ ሮሲና የአሜሪካው ማክጋሃን በየፊናቸው የሬዲዮ ሞገድ ሙቀትን በእንስሳት ጉበት ላይ ሞክረው አሳተሙ። በማይክሮዌቭ ሞገድ ማሞቅ በኋላ ተስፋፋ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የሴሉ ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል። ሴሉ ወዲያው ይሞታል። ከ100 ሲያልፍ ግን ሥጋው ይከስላል፤ በሬዲዮ ሞገድ ከሆነ ክሳዩ ራሱ ኤሌክትሪኩን ያግደዋል። ሌላው ጣጣ የደም ሥር ነው። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋ የደም ሥር ከጎን ካለ፣ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ዕጢው በዚያ በኩል ሳይበስል ሊቀር ይችላል። ክትትል ላይ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደውም ወደዚያ ጠርዝ ነው።

ለምን ጎጃምን ይመለከታል

ዓይን ቢጫ ሲሆን አገሬው «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። የሌሊት ወፍ ናት ይባላል ተጠያቂዋ። መድኃኒቱም ቅጠል ነው፤ አዋቂው ዘንድ ይኬዳል። ቅጠሉ ራሱ ጉበት የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ከቢጫው ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ግን የጉበት ቫይረስ ነው፤ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ። ይህ ቫይረስ ለዓመታት ዝም ብሎ ተቀምጦ ጉበትን ያጠባስሳል። አንዳንዴም ጠባሳ እንኳ ሳይቀድም ካንሰር ያመጣል። ክትባቱ ለሕፃናት በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ገብቶ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው አላገኘውም።

ሌላም አለ። በቆሎና ለውዝ እርጥብ ሆኖ ሲከማች የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል። መርዙና ቫይረሱ አንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ አደጋው ይበረታል። አረቄውም አለ፤ ስለ ጎጃም አረቄ እዚህ ማውራት አያስፈልግም። ጣና ዳር ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። ካንሰር አምጪነቱ አያስማማም። ነገር ግን በጉበት ውስጥ ባለው የደም ሥር ዙሪያ የሚተወው ጠባሳ ምስል ማንበብን ያወሳስባል።

የመጀመሪያው ሲቲ

ሲቲ በጨረር ሰውነትን ቆራርጦ እንደማየት ያለ ምስል ነው። ሁሉም ነገር የሚመዘነው በመጀመሪያው ሲቲ ነው። ጊዜው ከሕክምናው 1 ወር ገደማ በኋላ ነው፤ 4 እስከ 6 ሳምንት። አንዳንድ ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥም ያነሳሉ። ያኛው ግን መድማትን ለማየት እንጂ ዕጢውን ለመፍረድ ብዙም አይመችም። የተተኮሰው ቦታ ገና ይቆጣል። ጠርዙ ላይ ደም ይበዛል፤ ውስጡ አየር ያዘለ አረፋ ይኖራል። አረፋውን ያየ ጀማሪ «መግል ቋጥሯል» ሊል ይችላል። አልቋጠረም፤ የፈላ ሥጋ ትንፋሽ ነው።

ምርመራው አንድ ምስል አይደለም፤ አራት ዙር ነው። መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት፣ ማለትም ደም ያለበትን ቦታ በምስል ላይ የሚያደምቀው ፈሳሽ ሳይገባ፣ ይነሳል። ከዚያ ኮንትራስቱ በክንድ ደም ሥር ይገባና በ35 ሰከንድ አካባቢ የአርተሪው (ከልብ ደም የሚያመጣው ሥር)፣ በ70 ሰከንድ የፖርታሉ (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣው ሥር)፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ደግሞ የዘገየው ዙር ይነሳል። ከጉበት የሚነሳ ካንሰር ደሙን ከአርተሪ ስለሚጠጣ በሁለተኛው ዙር ይደምቃል፤ በኋላ ይደበዝዛል። ከአንጀት ተሰራጭቶ የመጣ ከሆነ ግን የፖርታሉ ዙር ይሻላል። ኮንትራስቱ በፍጥነት መግባት ስላለበት እጅ ጀርባ ላይ የተሰካች ቀጭን ካኑላ አትበቃም። ክርን ላይ ወፈር ያለው፣ ሮዙ ወይም አረንጓዴው ካኑላ ያስፈልጋል።

ያለ ኮንትራስት የሚነሳውን ዙር ጊዜ ለመቆጠብ መዝለል ልማድ የሆነበት ቦታ አለ። ትልቅ ስህተት ነው። የተቃጠለው ቦታ መሐል የረጋ ደምና የረጋ ፕሮቲን ስላለ ኮንትራስት ሳይገባም ነጣ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው ዙር ከሌለ ያንን ንጣት «ኮንትራስት ወሰደ፣ ዕጢው በሕይወት አለ» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ሰውዬው ያለ ምክንያት ድጋሚ ይተኮሳል።

ጥሩ ውጤት እንዲህ ይታያል። ዕጢው የነበረበት ቦታ ጠቆር ያለ እንቁላል መሰል ቅርጽ ይሆናል። ኮንትራስት አይወስድም። መርፌው የገባበት መስመር እንደ ጅራት ይከተለዋል። ዙሪያውን ስስና ወጥ የሆነ ቀለበት ሊደምቅ ይችላል፤ ያ ቁስል የሚያመጣው መቆጣት ነው፤ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ክፉው ምልክት ሌላ ነው። ጠርዙ ላይ ወፍራም፣ ጎርበጥ ያለ፣ አንድ ጎን ብቻ ያበጠ ድምቀት ካለ የተረፈ ዕጢ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቤተሰብን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ልጅ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ያነባል። ከሕክምናው በፊት «2 ሴንቲ ሜትር» ይላል። አሁን «3 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር» ይላል። «አያ፣ ይኼ ነገር ጨመረ እኮ!» ይባላል ኮሪደር ላይ። አባት ዝም ብለው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። አልጨመረም። ሐኪሙ ሲተኩስ ዕጢውን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፤ ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋም ይጨምራል። ለጉበት ካንሰር በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል። ለተሰራጨ ዕጢ 10 ቢሆን ይመረጣል የሚሉ ይበዛሉ። ስለዚህ የወር ምስል ላይ ቁስሉ ከቀድሞው ዕጢ ካልበለጠ ነው መደንገጥ። ትልቅ መሆኑ ደግ ነው።

መደንገጥ የሚገባው ቀጥሎ ነው። ቁስሉ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ቀስ እያለ መጨማደድ አለበት። በ3ኛው ወር ከ1ኛው ከበለጠ ጥርጣሬ ይገባል። ይህን ለማወቅ ደግሞ የወሩ ምስል እጅ ላይ መኖር አለበት። ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ ሲዲው ራሱ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ታክሞ የሚመለስ ሰው ሲዲውን መንገድ ላይ ካስቀረ እዚህ ያለው ራዲዮሎጂስት ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ ረገድ ገበሬው ከከተሜው ይሻላል ባይ ነኝ። ከመሬት ደብተሩ ጋር በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሣጥን ቆልፎበት የሚያመጣ አይቻለሁ። ከተሜው «ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼዋለሁ» ይላል። የፊልም ፎቶ ለዚህ ነገር ምንም አይጠቅምም።

ከዚያ በኋላ

በተለመደው አካሄድ በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ ይነሳል። ብዙዎች ይህን እስከ 2ኛው ዓመት ያስቀጥሉታል። ከዚያ በየ6 ወሩ ነው። ከጉበት በሚነሳው ካንሰር የተተኮሰው ቦታ ንጹሕ ቢሆንም ጉበቱ ያው የታመመው ጉበት ነው። በ5 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ዕጢ ይወጣባቸዋል። ስለዚህ ምስሉ ሲነበብ ቁስሉን ብቻ አይቶ መዝጋት የለም።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ለታከመ የጉበት ካንሰር የራሱን የንባብ ሥርዓት አውጥቷል፤ በ2024 አሻሽሎታል። ፍርዱ ሦስት ነው፦ የሞተ፣ በሕይወት ያለ፣ ያልለየለት። «ያልለየለት» ተብሎ የተጻፈበት ሰው ይከፋዋል። ለእኔ ግን ከሦስቱ ሐቀኛው እሱ ነው። በግድ «ሞቷል» ከማለት 3 ወር ጠብቆ ድጋሚ ማየት ይሻላል።

በማግኔት የሚነሳው ኤምአርአይ ትንንሽ ቅሪትን በመለየት ከሲቲ ይበልጣል የሚል ሐሳብ ሰፊ ነው። ጨረርም የለውም። ዋጋው ይከብዳል።

አልትራሳውንድ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

አልትራሳውንድ በየወረዳው ሆስፒታል አለ፤ ርካሽ ነው፤ ታካሚውም ያምነዋል። ተራው አልትራሳውንድ ግን የተቃጠለው ቦታ ውስጥ የቀረ ሕይወት እንዳለ መለየት አይችልም። የሞተውም ያለውም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ጥቃቅን አረፋ ያለው ኮንትራስት ተወግቶ ሲነሳ ይችላል፤ ያ ሌላ ምርመራ ነው። «አልትራሳውንድ ታየሁ፣ ነጻ ነህ ተባልሁ» ብሎ የሲቲ ቀጠሮ መተው አደገኛ ነው።

ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ከተተኮሰ በኋላ ለጥቂት ቀን ትኩሳትና ድካም ይጠበቃል፤ እስከ 10 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ያለፈ ወይም ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ መግል ሊሆን ይችላል። ያኔ ባሕር ዳር እስኪደረስ አይጠበቅም። ቢቸናም ሆነ ዳንግላ ያለ አልትራሳውንድ ፈሳሽ መኖሩን ያያል፤ የሐሞት ቱቦ መስፋቱን ያያል፤ ሆድ ውስጥ ደም መኖሩን ያያል። አዲስ ዕጢንም ቀድሞ የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

ቀጠሮና ዝግጅት

የሲቲው ቀን ከምርመራው በፊት ለጥቂት ሰዓት ጠንካራ ምግብ አይበላም። ውሃ ግን ይጠጣል፤ ኮንትራስቱ ኩላሊት ላይ ስለሚከብድ ውሃ ቢጠጣ ይመረጣል። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የክሬያቲኒን የደም ምርመራ ውጤትም ቀድሞ ይታያል። ሁዳዴ ላይ ይህ ነገር ችግር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያልቀመሱ እናት ማሽኑ ላይ ይተኛሉ። «እማማ፣ ትንሽ ውሃ ይጠጡ» ሲባሉ «የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱማ?» ይላሉ። ቀጠሮ ሲሰጥ ቀድሞ መናገርና የንስሐ አባትን ማስፈቀድ ይቻላል። ብዙዎቹ ያለ ክርክር ይፈቅዳሉ።

ትንፋሽ መያዝም ሥራ ነው። በየዙሩ አንድ ዓይነት ትንፋሽ ካልተያዘ ጉበቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያኔ አንዱን ዙር ከሌላው ማመሳከር አይቻልም። ስለዚህ ከመተኛታቸው በፊት ወንበር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለማመድ ያስፈልጋል። አንድ ሽማግሌ ባለሙያው «ይተንፍሱ» ያላቸውን ሳይሰሙ ፊታቸው እስኪቀላ ይዘውት ቆዩ። ሲነሱ «በቃ? እኔ እስከ ማታ እይዘው ነበር» አሉ። በዚያ ቀን ከወጡት ምስሎች ሁሉ ንጹሑ የእሳቸው ነበር።

ቀጠሮ የሚያልፈው አብዛኛው ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። በአጨዳ፣ በጸበል ሱባኤ፣ በመንገድ። የ3 ወሩ ቀጠሮ ኅዳር ላይ ከዋለ ገበሬው ጤፉን ትቶ አይመጣም። ቀኑን ሁለት ሳምንት ወዲህ ወይም ወዲያ ማድረግ ምስሉን አይጎዳም። ካርዱ ላይ ሲጻፍ ግን ምክንያቱም ቢጻፍ ቀጣዩ አንባቢ የ3 ወር ምስል እያየ መሆኑንና የ4 ወር እያየ መሆኑን ይለያል።