የኮምፒውተር ስፔክ ምንድን ነው? ከስቲከሩ ጀርባ ያለውን ማወቅ

«ኮር አይ 7 ነው፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ዲስክ አለው።» ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሸጥ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ይቺው ናት። ገዢውም ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ግን እውነቱን ለመናገር ስለ ማሽኑ ገና ብዙም አልተነገረውም።

ስፔክ የምንለው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ዝርዝር ነው። የትኛው ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው)፣ ምን ዓይነት ራም (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዘው)፣ ምን ዓይነት ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት)፣ የትኛው ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚያወጣው)፣ የትኛው ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰካበት)። ደግነቱ ይህን ለማወቅ ብሎን መፍታት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ዕቃዎቹ ማንነታቸውን በውስጣቸው ይዘው ነው የሚመረቱት። ፕሮሰሰሩ ሶፍትዌር ሲጠይቀው ሙሉ ስሙን ይመልሳል። ራሙ ላይ ደግሞ ዓይነቱ፣ መጠኑና ፍጥነቱ የተመዘገበባት ትንሽ ቺፕ አለች። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ እነዚህን ያነባል።

እኛም ማንበብ እንችላለን። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትነኩ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ግራፊክሱ በየተራ ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። ማክ ላይ ደግሞ ከላይ በግራ ጥግ ያለውን የአፕል ምልክት ተጭኖ «አባውት ዚስ ማክ» ማለት ነው። ማግኘቱ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው አነባበቡ ነው።

ከፕሮሰሰሩ እንጀምር። በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ «አይ 7» የሚለው ደረጃውን እንጂ ዕድሜውን አይነግረንም። ዕድሜው ያለው ከጎኑ በተጻፈው ረጅም ቁጥር ውስጥ ነው። አይ 5-8250ዩ ካለ 8ኛ ጄነሬሽን (ትውልድ) ነው። አይ 5-12400 ካለ 12ኛ ነው። አይ 7-4600ዩ ግን 4ኛ ጄነሬሽን ሲሆን ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው። ያ «ዝቅተኛው» አይ 5-8250ዩ 4 ኮር አለው። እንግዲህ «አይ 7» ሲባል ተደስቶ የገዛው ሰው፣ አይ 5 ከያዘው ጓደኛው የባሰ ቀርፋፋ ማሽን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውም ፊደል ትናገራለች። ዩ ከሆነች ባትሪ ቆጣቢ፣ ኤች ከሆነች ጉልበት ያለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ነው።

የኢንቴል ተፎካካሪ በሆነው ኤኤምዲ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ለ2023 የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ባወጣው አሰያየም የመጀመሪያው ቁጥር የሚያሳየው የሞዴሉን ዓመት ነው። የውስጥ ንድፉን የሚናገረው ሦስተኛው ቁጥር ነው። ራይዘን 5 7520ዩ የሚለውን ስታዩ 7ቱ አዲስ ያስመስለዋል። ሦስተኛው ቁጥር ግን 2 ነው፤ ማለትም በ2019 የወጣው ዜን 2 የተባለ ንድፍ። ይህን ስም ያወጣው ሰው ለገዢ ያሰበ አይመስለኝም።

ራም ላይ «8 ጊጋ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። ዲዲአር 3 ነው፣ 4 ነው ወይስ 5? አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ከታች የተቆረጠችው ክፍተት ቦታዋ ይለያያል። ታስክ ማናጀር ላይ «1 ኦፍ 2» የሚል ካያችሁ አንድ ቦታ ባዶ ነው ማለት ነው፤ ወደፊት ራም መጨመር ይቻላል። ሌላው ግራ የሚያጋባው ፍጥነቱ ነው። 3200 ተብሎ የተገዛ ራም ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ሲታይ 1600 ይላል። አልተታለላችሁም። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ምቱን ነው።

«1 ቴራ» የተባለው ዲስክም ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ሆኖ ይታያል። እዚህም የተሰረቀ የለም። አምራቹ በ1000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ይቆጥራል። ከመጠኑ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሃርድ ዲስክ (በሚሽከረከር ሳህን ላይ የሚጽፈው) ነው ወይስ ኤስኤስዲ (በቺፕ ላይ የሚጽፈው) የሚለው ነው። አሮጌ ማሽን ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ እንደመቀየር ለውጡ በግልጽ የሚታይ ነገር የለም። ኤስኤስዲም ቢሆን ይለያያል። ሳታ በሚባለው የቆየ መገናኛ የሚሠራው በሰከንድ 550 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ 3,500ና ከዚያ በላይ የሚደርስ አለ። ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ቅርጽ ብቻውን ኤንቪኤምኢ ነው ማለት አይደለም፤ በዚያው ቅርጽ የሚመጣ ሳታም አለ።

ግራፊክስ ካርድ ላይ የማስመሰል ሥራ ይበዛል። የአሮጌ ካርድ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ላይ ሌላ ጽፎ የአዲስ ካርድ ስም እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ ዊንዶውስም የተነገረውን ተቀብሎ ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ብዙ ጊዜ ይለያቸዋል፤ ስሙ አጠገብ «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። ፕሮሰሰርም ቢሆን ዊንዶውስ ገጽ ላይ የሚታየው ስም ሊነካካ ስለሚችል፣ ከፕሮሰሰሩ ራሱ የሚያነበው ሲፒዩ-ዚ የተሻለ ምስክር ነው።

ዕቃውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ጤናውን ማወቅ ሌላ። ዲስኮች ስማርት የሚባል የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ስትከፍቱ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይታያል። 8,760 ሰዓት አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ መሥራት ነው፤ ሰዓቱ መብዛቱ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው ሃርድ ዲስክ ላይ የተበላሹና የተተኩ ሴክተሮች (መረጃ የሚጻፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር ከዜሮ አልፎ እየጨመረ ሲሄድ ነው። ያኔ ሌላ ነገር ሳታስቡ ፋይላችሁን ገልብጡ።

ባትሪውን ለማየት ዊንዶውስ የራሱን ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቱ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ያሳያል። 50,000 የነበረው 30,000 ከያዘ የቀረው 60 በመቶ ነው። ራም ተጠርጥሮ ከሆነ ሜምቴስት 86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኖ ኮምፒውተሩን በሱ ማስነሳት ነው። ሰዓታት ይወስዳል፤ ማታ አስጀምሮ መተኛት ይሻላል። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ራሙን አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ መሞከር። አሁንም ካወጣ መቀየር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ዕቃዎቹን በሚዘረዝረው የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት «አንኖን ዲቫይስ» ይገኛል። በተለይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ የተለመደ ነው። ዕቃው የለም ማለት አይደለም፤ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) አላገኘም። ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ስትመርጡ ኮድ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ «VEN_» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የአምራቹ መለያ ናቸው። 8086 ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው በ1978 ባወጣው ፕሮሰሰር ስም የያዘው ቁጥር ነው። 1002 ካለ ኤኤምዲ ነው። «DEV_» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጡት አራቱ ዕቃውን ራሱን ይለያሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ስሙ ይመጣል፤ ድራይቨሩን ግን ከላፕቶፑ ወይም ከዕቃው አምራች ገጽ አውርዱ እንጂ «ሁሉንም ድራይቨር እጭናለሁ» ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቁ።