«ገደልኩት እኮ!»፦ ማጂክ ስንጫወት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ካርታ ሲባል ኮንከር ብቻ የሚታየው ሰው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግን ሲያይ ግር ይለዋል። ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ 60 ካርድ ያለው የራሱን ዴክ፣ ማለትም የካርድ ጥቅል፣ ይዞ ይመጣል። 20 ላይፍ፣ ማለትም የሕይወት ነጥብ፣ አለው። ማና የሚባል የአስማት ጉልበት እየከፈለ ክሪቸር (የሚዋጋለትን ፍጡር) ያሰልፋል፣ አስማት ይወረውራል። ይህን የምጽፈው ጨዋታውን ጀምራችሁ፣ ተጋጣሚ የሚያወጣውን አስፈሪ ካርድ እንዴት እንደምታስቆሙ ግራ ለገባችሁ ነው።

«ክሪቸሩን ከገደልኩት ችሎታውም አብሮት ይሞታል»

አይሞትም። ይቺን በደንብ ከፍዬ ነው የተማርኳት። ተጋጣሚዬ ፕሮዲጋል ሶርሰረር ነበረው። በሦስት ማና የሚወጣ 1/1 (አንድ የማጥቃት ኃይል፣ አንድ ጽናት) ደካማ ጠንቋይ ነው። ግን ታፕ ሲደረግ፣ ማለትም ካርዱ በጎኑ ሲተኛ፣ የፈለገው ነገር ላይ አንድ ነጥብ ጉዳት ያደርሳል። አስተኛውና ማና የምትሰጠኝ ትንሽ ክሪቸር፣ ላኖዋር ኤልፌ ላይ አነጣጠረ። እኔም ፈጠን ብዬ ጠንቋዩ ላይ ላይትኒንግ ቦልት የሚባል አስማት ለቀቅኩበት፤ አንድ ቀይ ማና፣ ሦስት ነጥብ ጉዳት። «ገደልኩት እኮ!» አልኩ። «አዎ ገድለኸዋል፤ ያንተም ኤልፍ ሞቷል» አለኝ ቀዝቀዝ ብሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ችሎታው አንዴ ከተጠራ ስታክ የሚባለው ወረፋ ላይ ለብቻው ይቆማል። ስታክ ላይ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይፈጸማል። ቦልቴ ቀድሞ ጠንቋዩን ገደለ፤ ከሥሩ የነበረው ችሎታ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ድንጋይ ከእጅ ከወጣ በኋላ ወርዋሪውን ብትመቱት ድንጋዩ አይመለስም።

ታዲያ መቼ ይገደል? እንደወጣ። አዲስ የገባ ክሪቸር ባለቤቱ ቀጣዩን ተራ እስኪጀምር ድረስ እንዲህ ያለ ችሎታውን መጠቀም አይችልም። በዚያች ክፍተት ቦልት ከለቀቃችሁ ዝም ብሎ ይሞታል። ክፍተቷ ካለፈች ግን ባለቤቱ ቦልቱን ሲያይ ያስተኛዋል፤ ጠንቋዩም አንድ ነጥቡን አድርሶ ነው የሚሄደው።

«ካውንተርስፔል እጄ ላይ ካለ ማንንም አልፈራም»

ካውንተርስፔል በሁለት ሰማያዊ ማና አንድን አስማት፣ ገና እየተጠራ ያለ ክሪቸርንም ጭምር፣ ሜዳ ሳይገባ ያጠፋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ግን የሚያጠፋው አስማቱን ብቻ ነው። ኡላሞግ ዘ ሲዝለስ ሃንገርን እዩ። 10 ማና የሚያስከፍል ጭራቅ ነው። ገና ሲጠራ፣ ማለትም ማናው ተከፍሎ ስታክ ላይ ሲቆም፣ ሜዳ ላይ ካሉት ሁለት ካርዶችን ከጨዋታው ያስወጣል። ሲጠራ እንጂ ሲገባ አይደለም! ስለዚህ ካውንተር አድርጋችሁትም፣ ማለትም ብታጠፉትም፣ ሁለቱ ካርዶች ይሄዳሉ። ቢሆንም ካውንተር አድርጉት፤ ሜዳ ከገባ ባጠቃ ቁጥር ከዴካችሁ ላይ 20 ካርድ ይጠርጋል።

ካቨርን ኦፍ ሶልስ የሚባል መሬትም (ማና የሚሰጥ ካርድ) አለ። ባለቤቱ አንድ የክሪቸር ዓይነት ይመርጣል፤ በዚያ መሬት ማና የተከፈለለት የዚያ ዓይነት ክሪቸር ካውንተር አይደረግም። እዚህ ላይ ማይንድብሬክ ትራፕን እወደዋለሁ። ጽሑፉ ላይ «ካውንተር» የሚል ቃል የለም፤ አስማቱን ከስታክ ላይ አንስቶ ከጨዋታው ውጭ ያደርገዋል። የጠበቃ ሥራ ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

«የማይጠፋ ካርድ መላ የለውም»

ብላይትስቲል ኮሎሰስ 11/11 ክሪቸር ነው፣ ኢንዲስትራክቲብል (የማይደመሰስ) ነው፣ ጉዳቱ መርዝ ነው። 10 መርዝ ከደረሰባችሁ አለቀ፤ አንድ ምት ይበቃዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሶርድስ ቱ ፕላውሸርስ የሚባል አስማት በአንድ ነጭ ማና ከጨዋታው አስወጥቶ ይሸኘዋል። ኢንዲስትራክቲብል የሚከላከለው ከመደምሰስና ከገዳይ ጉዳት ነው፤ ከጨዋታ መውጣትን አይከላከልም። ባለቤቱ በጭራቁ ኃይል ልክ 11 ላይፍ ያገኛል፤ ያግኝ። የካርዱ ስም ኢሳይያስ ላይ ካለው ሰይፍን ማረሻ ከማድረግ የመጣ ነው፤ ጭራቁ ወደ እርሻ ሄደ በሉት።

ሄክስፕሩፍ፣ ማለትም ተጋጣሚ ሊያነጣጥርበት የማይችል ክሪቸር ሲሆን ደግሞ ወደ ባለቤቱ ዙሩ። ሄክስፕሩፍ የሆነው ስሊፐሪ ቦግል ላይ ቦልት አይሠራም። ዳያቦሊክ ኢዲክት ግን የሚያነጣጥረው ተጫዋቹን ነው፤ «አንድ ክሪቸር ሠዋ» ይለዋል። ምርጫው የእሱ ስለሆነ ቦግሉ ብቻውን ባለበት ሰዓት ተጠቀሙበት። ሌላ እንቶ ፈንቶ ክሪቸር ካለው እሱን ነው የሚሰጣችሁ።

«ቦልቴን ለትልቁ ላስቀምጥ»

ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። አንደኛው ተራ ላይ የወጣች ላኖዋር ኤልፍ ግን ሌላ ናት፦ በሁለተኛው ተራ ባለቤቷን ሦስት ማና ላይ ታደርሰዋለች። ያኔ ምቷት። ስምንተኛው ተራ ላይ ከወጣች ተዋት።

«አራት ቅጂ ካስገባሁ ችግር የለም»

መቃብር (የሞቱና ያገለገሉ ካርዶች የሚከመሩበት ቦታ) ላይ የሚጫወቱ ዴኮች አሉ፤ ካርዳቸውን ራሳቸው መቃብር ውስጥ ጥለው ከዚያ በነፃ ያወጡታል። ብዙዎች እነሱን ለማገድ ሌይላይን ኦፍ ዘ ቮይድ የሚባለውን ካርድ አራት ቅጂ ከሳይድቦርድ (ከዴኩ ውጭ ከሚያዝ መጠባበቂያ) ያስገባሉ። ከ60 ካርድ አራቱ ሆነው፣ መጀመሪያ በምትስቡት ሰባት ካርድ ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ 40 በመቶ ገደማ ነው። መነሻ እጃችሁ ላይ ካለ በነፃ ሜዳ ይገባል። ካልሆነ አራት ማና ይጠይቃል። ሌይላይን ደግሞ የሚያግደው ከዚያ በኋላ ወደ ተጋጣሚ መቃብር የሚሄደውን ብቻ ነው። ቀድሞ የገባውን አይነካም። በአምስተኛው ተራ ከፍላችሁ ስታስቀምጡት፣ ተጋጣሚያችሁ የተሞላ መቃብሩን በጣቱ እየነካ ፈገግ ይላል።