ሰንፔር ምንድን ነው?

አክስቴ ቀለበቷ ላይ አንድ ሰማያዊ ፈርጥ አለ። ነፍሴን ካወቅኩ ጀምሮ “ሰንፔሬ” ስትለው ነው የምሰማው። የፈርጡ መያዣ ላልቶ መወዛወዝ ሲጀምር ተያይዘን ፒያሳ ሄድን። ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት ነው። ወርቅ ሠሪው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ቀለበቱን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈተጉት፤ በጨርቅ አደረቁት። ከዚያ አሥር እጥፍ የምታጎላዋን ትንሽ መነጽር ዓይናቸው ላይ ለጥፈው ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመብን።

“ሰንፔር ነው፣ እትዬ” አሉ በመጨረሻ። አክስቴ ፈገግ አለች። “ግን መሬት አላወጣውም። ምድጃ ነው የወለደው።”

መነጽሯን ለእኔም ሰጡኝ። ሰማያዊው ውስጥ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ እንደ ድሮ የሸክላ ዲስክ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ። የተፈጥሮ ሰንፔር መስመር እንዲህ አይጎብጥም አሉኝ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲታጠፍም እንደ ማር እንጀራ በማዕዘን ነው።

“ታዲያ ሰንፔር ነው ወይስ አይደለም?” አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ከፍ ብሏል። ጥያቄዋ ግን ልክ ነበር።

ሰንፔር ኮረንደም የሚባል ማዕድን ነው። የተሠራው ከሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከድስታችን የምናውቀው አሉሚኒየምና የምንተነፍሰው ኦክስጅን። ንጹሕ ከሆነ እንደ ውሃ ነው፣ ምንም ቀለም የለውም። ትንሽ ብረትና ትንሽ ታይታኒየም ሲገቡበት ሰማያዊ ይሆናል። ክሮሚየም በደንብ ከገባበት ደግሞ ይቀላል፤ ያኔ ስሙ ሩቢ ነው። ስለዚህ ሩቢና ሰንፔር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቢጫም፣ አረንጓዴም፣ ሮዝም ሰንፔር አለ። “ሰማያዊ ካልሆነ ሰንፔር አይደለም” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ጥንካሬውን በተመለከተ፣ ማዕድናት በሚለኩበት የሞስ መለኪያ 9 ያገኛል። ከላዩ ያለው 10 ያለው አልማዝ ነው። የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ነው። አቧራ ውስጥ የማይጠፋው የኳርትዝ ብናኝ 7 ነው። ሰዓት ሻጮች “ሳፋየር ነው፣ አይጫርም” የሚሉት ለዚህ ነው። ሳፋየርና ሰንፔር አንድ ነገር መሆናቸውን እኔ ራሴ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ የሰዓቱ መስታወት እውነተኛ ኮረንደም ነው፣ ፋብሪካ የሠራው። አይጫርም ማለት ግን አይሰበርም ማለት አይደለም። ክፉኛ ከተጋጨ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ገዝታችሁ በመዶሻ አትፈትኑት።

የምድጃው ዘዴ ይፋ የሆነው በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ኦጉስት ቬርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ ዘዴውን በጽሑፍ አወጣ። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ከ2,000 ዲግሪ በላይ በሚነድ ነበልባል ውስጥ ይረግፋል፤ እየቀለጠ ታች ላይ ይጠራቀማል። አናቱ ክብ ሆኖ ነው የሚያድገው። የአክስቴ ጎባጣ መስመሮች እንግዲህ ከዚያ ክብ አናት የቀሩ ናቸው።

የመሬቱ ሰንፔር መንገድ ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ባዛልት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ዓለት ተሸክሞት ይወጣል። ባዛልቱ እናቱ አይደለም፤ ከጥልቅ ያሳፈረው ታክሲው ነው በሉት። ከዚያ ዓለቱ በዘመናት ይበሰብሳል፣ ጎርፍ ያጥበዋል። ሰንፔር ከተራ አሸዋ ስለሚከብድ ወንዝ ውስጥ ከጠጠሩ ሥር ይተኛል። ቆፋሪ በወንፊት አጥቦ የሚያገኘው እዚያ ነው። የኛውም እንዲሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. ገደማ ከአክሱም አካባቢ ሰንፔር ወጣ። ስለ ወሎ ኦፓልና ስለ ሻኪሶ ኤመራልድ ብዙ ተወርቷል፤ ይኼኛው ግን ገና ብዙ ሰው ጆሮ አልደረሰም። ብረት ስለሚበዛበት አንዳንዱ ጠቆር ይላል። ላላወቀው የጠርሙስ ስባሪ ነው የሚመስለው።

እንዲህ ያለውን ጠቆር ያለ ድንጋይ ነጋዴዎች ከፍ ባለ ሙቀት ያጠሩታል። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ሰንፔር አብዛኛው ምድጃ ያየ ነው። ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለገዢው አለመንገር ነው። ያልተነካ ሆኖ ሰማያዊው የጠለቀ ድንጋይ ዋጋው ሌላ ነው። በስም አንደኛ የካሽሚር ሰንፔር ነው፤ በፈረንጆቹ 1880ዎቹ በሂማላያ ከፍታ ላይ ተገኝቶ፣ ጥቂት ዓመት ብቻ በደንብ ሰጥቶ ተሟጠጠ። የስሪላንካ ግን ዛሬም አለ። ልዕልት ዳያና በፈረንጆቹ 1981 ጣቷ ላይ ያደረገችው የስሪላንካ ነው። አሁን የልጇ ሚስት ታደርገዋለች።

ወደ ስሙ ስንመጣ ነገሩ ይጣፍጣል። ሰንፔርን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በኦሪት ከአምላክ እግር በታች የሰንፔር ወለል ይታያል፤ በዮሐንስ ራእይ የቅድስቲቱ ከተማ ሁለተኛው መሠረት ሰንፔር ነው። ኢዮብ 28 ላይ ግን ሰንፔር ከወርቅ ብናኝ ጋር ይነሳል። ኮረንደም ውስጥ ወርቅ የሚመስል ፍንጣሪ አይታይም። ላፒስ ላዙሊ የሚባለው፣ ከአፍጋኒስታን ይመጣ የነበረው ደማቅ ሰማያዊ ድንጋይ ግን ወርቅ የሚመስል ነጠብጣብ አለው። ብዙ ሊቃውንት የጥንቱ ሰንፔር እሱ ነው ይላሉ። ስሙ ወደ ዛሬው ድንጋይ የዞረው በኋላ ነው። እንግዲህ የሰዓቱ መስታወት ከኦሪቱ ሰንፔር ይልቅ ለዛሬው ሰንፔር ይቀርባል ማለት ነው። አክስቴ ይህን ብትሰማ አትወደውም።

ትርጉሙ ሁልጊዜ ሰማይን ተከትሎ ነው የመጣው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጳጳሳት በቀለበታቸው ያደርጉት ነበር። የንጽሕናና የታማኝነት ምልክት ሆኖ ወደ ጋብቻ ቀለበት ገባ። የሴፕቴምበር ልጆች ድንጋይም ነው ይባላል። እዚህ ሲዞር “የመስከረም ድንጋይ” ሆኗል፤ ቆጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 20 ነው። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ቅር አይበለው፣ እሱም አለበት።

ሽማግሌው መያዣውን አጥብቀው፣ ወልውለው መለሱላት። አክስቴ ጣቷ ላይ አጠለቀችውና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ያው ነው፤ ያብረቀርቃል። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዝ አደረገች።

“የገዛልኝን ሰው ነፍሱን ይማረውና” አለች፣ “እሱ እኮ የከፈለው የመሬቱን ዋጋ ነው።”