የካምፐር ታንከር ሴንሰር ምንድን ነው? ባዶውን ታንከር «ሙሉ» የሚለውስ ለምንድን ነው?

ካምፐር ከመኪና ኋላ የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሻወርና ሽንት ቤትም አለው። ቋሚ ቤት ውሃ በቧንቧ ይገባለታል፣ ፍሳሹም በቧንቧ ይወጣለታል። ካምፐር ግን የሚጠቀምበትን ውሃ ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ያቆሸሸውንም መድፊያ ቦታ እስኪደርስ ድረስ ይዞት ይዞራል።

ለዚህ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ሥር ሦስት ታንከሮች ይገጠሙለታል። አንደኛው የንጹህ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከሻወርና ከዕቃ ማጠቢያ የሚወርደውን ይቀበላል፤ ግራጫ ውሃ ይሉታል። ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው፤ ጥቁር ውሃ ይባላል። ሦስቱም ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። ምን ያህል እንደያዙ የምትነግረን ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ ፓኔል ናት። ቁልፉን ስትጫኑ መብራቶቿ ይበራሉ፦ ባዶ፣ 1/3፣ 2/3፣ ሙሉ። መረጃውን የሚያቀብላት ታንከሩ ላይ የተገጠመው ሴንሰር ነው።

ብዙ የካምፐር ባለቤቶች በዚህ ሴንሰር ይማረራሉ። ጥቁሩን ታንከር ደፍታችሁ፣ አጥባችሁ ስትመለሱ ፓኔሏ «2/3» ትላለች። በማግስቱ «ሙሉ» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «ባዶ» እያለች ግራጫው ውሃ በሻወሩ በኩል ወደ ላይ ይመለሳል። ሰው ይሄኔ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን አልተበላሸም። የተሠራበትን ሥራ እየሠራ ነው። ያ ሥራ ግን እኛ እንደምናስበው የውሃን መጠን መለካት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንከሩ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ጎኑ ላይ በተለያየ ከፍታ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በየቀዳዳው የማይዝግ ብረት ብሎን፣ ዙሪያው በጎሚኒ ታሽጎ ይገባል። የብሎኑ ጫፍ ታንከሩ ውስጥ ነው። ጭራው ውጭ ነው፣ ሽቦ ይታሰርበታል። ከሁሉም በታች ያለው ብሎን የጋራ ነው። ሌሎቹ የ1/3፣ የ2/3 እና የሙሉ ናቸው። ቁልፉን ስትጫኑ ከካምፐሩ 12 ቮልት ባትሪ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብሎኖቹ ይሄዳል። ውሃው የ1/3 ብሎን ጋ ደርሶ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በውሃው ውስጥ አልፎ ወደ ታችኛው ብሎን ይሻገራል። መብራቱ ይበራል። ውሃው ካልደረሰ መሻገሪያ የለውም፤ መብራቱም አይበራም።

በቃ ይኸው ነው። ሴንሰሩ ሊትር አይቆጥርም፣ ክብደት አይመዝንም። የሚያጣራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚህ ብሎን እስከዚያ ብሎን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነገር አለ ወይስ የለም? ያ ነገር ውሃ ይሁን፣ የራሰ ሶፍት ይሁን፣ የሳሙና ዝልግልግ ይሁን ለይቶ አያውቅም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የችግሩ ሥር ያለው እዚሁ ነው። ውሃ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ጎበዝ አይደለም። ከመዳብ ሽቦ ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። የሚያስተላልፈውም በውስጡ የሟሙ ጨዎችና ማዕድናት ስላሉ ነው። ስለዚህ ፓኔሏ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲደርሳትም መብራት እንድታበራ ተደርጋ መሠራት አለባት። እንዲያ ካልሆነ ጢም ያለ ታንከር እንኳ አይታያትም። ችግሩ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስስ እርጥብ ቆሻሻም ያንኑ ያህል ያስተላልፋል። ውሃውን ለማወቅ የምትበቃ ፓኔል በዚያው አቅሟ ቆሻሻውንም ውሃ ነው ትላለች።

አሁን ጥቁሩ ታንከር ለምን ከሁሉ የባሰ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። የብሎኑ ጫፍ ወደ ውስጥ ወጣ ብሎ የቆመ ነው። ሶፍት ሲያልፍ ይያዝበታል። ታንከሩ ሲደፋ ውሃው ይወርዳል፣ የራሰው ሶፍት ግን ብሎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይኛው ብሎን እስከ ታችኛው ድረስ ግድግዳው በእርጥብ ቆሻሻ ከተሸፈነ ፓኔሏ ሙሉ ነው ትላለች። ታንከሩ ግን ባዶ ነው።

ግራጫው ታንከር ሶፍት አይገባበትም። እሱን የሚያስቸግረው ቅባትና ሳሙና ነው። የምግብ ቅባት ከሳሙና ጋር ተቀላቅሎ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። የምግብ ፍርፋሪ ሲጨመርበት ደግሞ ይወፍራል። ቅባት የበዛበትን ድስትና ሳህን ከማጠብ በፊት በወረቀት መጥረግ ለዚህ ታንከር ትልቅ ውለታ ነው።

የንጹህ ውሃው ብዙም አያሳስትም። የሚገርመው፣ እሱ ሲያሳስት ምክንያቱ ንጽህናው ሊሆን ይችላል። ማዕድኑ ከሞላ ጎደል የወጣለት ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ከሞላችሁበት ታንከሩ ጢም ብሎ ሳለ ፓኔሏ «ባዶ» ልትል ትችላለች።

ስለዚህ ስህተቱ ወደ የትኛው ወገን እንደሆነ ማየት ግማሽ መፍትሔ ነው። ባዶውን «ሙሉ» ካለች ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ታንከሩ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ነው። ሙሉውን «ባዶ» ካለች ግን ወደ ውጭ ተመልከቱ። የላላ ሽቦ፣ የዛገ ማያያዣ፣ የተበጠሰ የጋራ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ካምፐሩ በመንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ይውላል፤ ከሥሩ ጭቃና ውሃ ይረጭበታል። ሽቦ ቢላላ አያስገርምም። የጋራው ሽቦ ከተበጠሰ ሁሉም መብራት አንድ ላይ ስለሚጠፋ እሱን ማወቅ ቀላል ነው።

ማረጋገጫውም ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ታንከሩ ባዶ ሆኖ «2/3» የሚል ከሆነ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ እያለ ሌላው ከሥር ገብቶ የዚያን ብሎን ሽቦ ይንቀል። መብራቱ ከጠፋ ሽቦውም ፓኔሏም ደህና ናቸው፤ ቆሻሻው ውስጥ ነው። ካልጠፋ ግን ታንከሩን ማጠብ ዋጋ የለውም፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተነካክቷል ወይም ፓኔሏ ራሷ ችግር አለባት። በተቃራኒው «ባዶ» እያለች ካስቸገረች፣ የተነቀለውን ሽቦ ከጋራው ሽቦ ጋር አነካኩት። መብራቱ ከበራ መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ፓኔል የሚገዙ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ብራቸውን አውጥተው ችግሩን እንዳለ ይዘውት ይቀጥላሉ።

ጥፋቱ ቆሻሻ ከሆነ መድኃኒቱ ውሃ ነው፣ ብዙ ውሃ። የካምፐር ሽንት ቤት ለአንድ ጊዜ የሚለቀው ውሃ ብዙውን ጊዜ 2 ሊትር አይሞላም። ይህ ውሃ ለመቆጠብ ጥሩ ነው፣ ለታንከሩ ግን መጥፎ ነው። ደረቅ ነገር በደረቅ ላይ ይከመራል፣ ሶፍቱም ሳይበታተን ይቆያል። ጥቁሩን ታንከር ከደፋችሁ በኋላ 10 ሊትር ያህል ውሃ መልሳችሁ ጨምሩበት። ታንከሩ ደርቆ ሥራ አይጀምር። ሽንት ቤቱን ስትጠቀሙም ውሃ የሚለቀውን መርገጫ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ ያዙት።

ከፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኝታችሁ የምትቆሙበት ቦታ ላይ የጥቁሩን ታንከር ቫልቭ፣ ማለትም የመድፊያውን መዝጊያ፣ ከፍታችሁ አትተዉት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ቫልቩ ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ወዲያው ይወጣል፣ ጠጣሩ ግን እዚያው ይቀራል። ቀስ በቀስ ይቆለላል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ማጽዳቱ የሴንሰር ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ጣጣ ይሆናል። ቫልቩ ይዘጋ፣ ታንከሩ ቢያንስ ከግማሽ በላይ ይሙላ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቀቅ። የውሃው ግፊት ቆሻሻውን ጠርጎ ይወስዳል። መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ግራጫውን ብትደፉ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል።

አስቀድሞ ለተጋገረ ቆሻሻ ደግሞ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ታንከሩን እስከ ላይኛው ብሎን ድረስ ውሃ ሞልታችሁ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ጨምራችሁ አሳድሩት። ኢንዛይም ቶሎ አይሠራም፣ በብርድም ይሰንፋል፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት ካልበቃው ጨምሩለት። ብዙ ካምፐሮች ጥቁሩ ታንከር ውስጥ የውሃ መርጫ አላቸው፤ ከውጭ ቱቦ ይሰካበታል። ካለ ተጠቀሙበት፣ ግን ቫልቩ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ ውሃውን አትልቀቁ። ካልሆነ ታንከሩ ሞልቶ ይገነፍላል።

በረዶ ጨምሮ መንዳት ግድግዳውን ይፍቃል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። በረዶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቶሎም ይቀልጣል። የተጋገረ ቆሻሻ የመፋቅ ጉልበት ያለው አይመስለኝም። በረኪና ግን ከምክርም በላይ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ሽንት ያለበት ታንከር ውስጥ በረኪና አትጨምሩ። በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ለሳንባ አደገኛ የሆነ ጋዝ ይወጣል። ሽንት ቤቱ ደግሞ ጠባብ ክፍል ነው።

ስለ ሶፍት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ውሃና ጥቂት ሶፍት አድርጋችሁ ነቅንቁት። ወዲያው ከተበታተነ ለታንከሩ ይሆናል። ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ከቀረ ብሎኑ ላይም እንደዚያው ይቀራል። «ለካምፐር» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን የግድ መግዛት የለባችሁም፣ ሙከራውን ያለፈ ይበቃል።

ሌላ ዓይነት ሴንሰርስ የለም ወይ? አለ። ሆርስት የሚባሉት ብሎኖች አሠራራቸው የድሮው ነው፣ ግን ብረቱ በፕላስቲክ ተከልሎ ከግድግዳው ራቅ እንዲል ተደርጓል። ግድግዳው ላይ የሚወርደው ቆሻሻ በቀላሉ አያገኘውም። ከዚህ የተሻለው ግን ታንከሩን ሳይበሱ ከውጭ የሚለጠፈው ነው። ጋርኔት የተባለው የካናዳ ኩባንያ የሚሠራው ሲሌቭል የታወቀ ነው። በታንከሩ ጎን ከታች እስከ ላይ እንደ ሪባን ይለጠፍና በፕላስቲኩ በኩል ፈሳሹ የት ድረስ እንዳለ ይለያል። የሚያሳየውም በመቶኛ ነው። ከቆሻሻው ጋር ስለማይነካካ ሶፍት አይንጠለጠልበትም። ይሁንና የብረት ታንከር ላይ አይሠራም፤ ከውስጥ የተጋገረው በጣም ከወፈረም ይሳሳታል። ለመለጠፍ ደግሞ የካምፐሩን የሥር ሽፋን ማውለቅ ሊያስፈልግ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ሴንሰር ለመቀየር የወሰነ ሰው ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህን ዓይነቱን ነው።

መቶኛው ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ የድሮዋ ፓኔል በትክክል ስትሠራም የምትነግራችሁ ጥቂት ስለሆነ ነው። 120 ሊትር በሚይዝ ታንከር ላይ «1/3» ስትል ውስጡ 40 ሊትርም፣ ወደ 80 የሚጠጋም ሊሆን ይችላል። ካምፐሩ ዘንበል ብሎ ከቆመ ደግሞ ውሃው ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ ቁጥሩ ይዛባል። ከማንበባችሁ በፊት ካምፐሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ።

ሴንሰሩን ሳታምኑም መኖር ይቻላል። የገባው ውሃ የትም አይሄድም። ቆሻሻ መያዣዎቹ ባዶ ሆነው 120 ሊትር ንጹህ ውሃ ይዛችሁ ከተነሳችሁ፣ ወደ ሁለቱ ታንከሮች የሚወርደው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ሻወሩ በደቂቃ 6 ሊትር ቢያፈስ የ5 ደቂቃ መታጠብ 30 ሊትር ወደ ግራጫው ይልካል። ይህ ሒሳብ የማይሠራው ካምፐሩ ከውጭ በቱቦ ውሃ ሲያገኝ ነው። ያኔ የሚገባው ገደብ ስለሌለው የሰውነት ምልክት እንደሚታየው የካምፐሩን ምልክት ማየት ነው። ግራጫው ሲሞላ ውሃው መጀመሪያ የሚታየው ሻወሩ ወለል ላይ ነው፣ ዝቅተኛው መውረጃ እሱ ስለሆነ። ጥቁሩ ሊሞላ ሲል መርገጫውን ስትረግጡ አየር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሽንት ቤቱ ቀጥታ ታንከሩ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ባትሪ አብርቶ ማየትም ይቻላል፤ ፊትን ግን ከላዩ ራቅ ማድረግ ነው።

ያገለገለ ካምፐር ለመግዛት የምታዩ ከሆነ፣ ፓኔሏን ታንከሮቹ ባዶ ሆነው ብቻ አትፈትሹ። በሻወሩና በሽንት ቤቱ ንጹህ ውሃ እየጨመራችሁ እያንዳንዱ መብራት በተራው መብራቱን እዩ። ስትደፉትም በተራው መጥፋቱን ተከታተሉ። በዚያው ቫልቮቹ ማንጠባጠባቸውንም ታውቃላችሁ። ሻጩ ይህን ለማድረግ ካልፈቀደ ቢያንስ ዋጋው ላይ ተነጋገሩበት።