ስለ ዲጂታል ተደራሽነት የመንግሥታት የጋራ ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ መንግሥት ድረ ገጹ ለዓይነ ስውራን፣ መስማት ለተሳናቸው ወይም ማውስ መያዝ ለማይችሉ ሰዎች እንዲያገለግል ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይነሳል። ሌላ አገር ግን ያንኑ ቅጽ ቀድሞ ሠርቶ፣ ከተጠቃሚዎች ጋር ፈትሾ፣ ስህተቱን አርሞ ጨርሶት ይሆናል። ቅጹ የተጻፈበት የኮምፒውተር ኮድም በነፃ ተቀምጧል። ታዲያ ለምን አትወስዱትም ሲባሉ የሚሰጡት ምክንያት አያልቅም። የሚወስዱትም ቢሆኑ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የእኛ ሕግ ከእነሱ ይለያል»

ሕጉስ ይለያል። ሕጉ የሚጠቅሰው ቴክኒካዊ መስፈርት ግን ያን ያህል አይለያይም። አብዛኛው የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። እሱም ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የድር ተቋም የሚያወጣው፣ ባለሙያዎቹ «ዊካግ» የሚሉት የተደራሽነት መመሪያ ነው። የመመሪያው 2.0 እትም በ2008 ወጣ። በ2012 ደግሞ አይኤስኦ በሚባለው የደረጃዎች ድርጅት ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። አሜሪካ ሴክሽን 508 የሚባለውን የፌዴራል ደንቧን በ2017 ስታድስ የተመረኮዘችው በዚሁ እትም ላይ ነው። አውሮፓም ኢኤን 301 549 የሚባል መስፈርት አላት፤ ድረ ገጽን የሚመለከተው ክፍሉ የተወሰደው ከዚያው ከዊካግ ነው። ይህን የአውሮፓ መስፈርት አውስትራሊያ በ2016 የራሷ አድርጋ ተቀበለችው፤ በኋላ ካናዳም ተከተለች። አውስትራሊያ ከአውሮፓ ምን ያህል እንደምትርቅ ካርታ ያየ ሁሉ ያውቃል።

«ዝግጁውን ኮድ ከወሰድን ጨረስን»

ይኼኛው ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሁሉም ያሳስታል። የብሪታንያ መንግሥት በ2018 ያወጣውን የዲዛይን ስብስብ እንውሰድ። በተኖች (ገጹ ላይ የሚጫኑ ቁልፎች)፣ የቀን መሙያ ሳጥኖች፣ የስህተት መልእክቶች በሙሉ ተፈትሸው ተቀምጠዋል፤ ማንም በነፃ መውሰድ ይችላል። አዘጋጆቹ ራሳቸው ግን «ይህን መጠቀማችሁ ብቻ አገልግሎታችሁን ተደራሽ አያደርገውም» ይላሉ።

ለምን? የስህተት መልእክቱን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ሰው ቅጽ ሞልቶ ስልክ ቁጥሩን ይረሳና «ላክ» የሚለውን ይጫናል። ዓይኑ የሚያይ ሰው ቀዩን ጽሑፍ ያገኘዋል። የማያየውስ? በብሪታንያው አሠራር ስህተት ሲኖር የገጹ ርዕስ «ስህተት» በሚል ቃል ይጀምራል። ከላይ ስህተቶቹን የሚዘረዝር ሳጥን ይመጣል። የኪቦርዱ ፎከስም፣ ማለትም ኪቦርዱ ገጹ ላይ የሚሠራበት ቦታ፣ በቀጥታ ወደዚያ ሳጥን ይሄዳል። እያንዳንዱ ስህተት ሊንክ ነው፤ ሲጫኑት ወደተረሳው ቦታ ይወስዳል። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር፣ የሚጠቀም ሰው የቱ ጋ እንደተሳሳተ ወዲያው ይሰማል።

አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ይህን ሳጥን ወሰደ እንበል። መልኩን ወዶታል። ፎከሱን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ ግን «ገጹ ይዘላል» ብሎ አወጣው። ሳጥኑ ያው ቀይ ነው፤ ለማያየው ሰው ግን የለም ማለት ነው። ወይም ኮዱን እንዳለ ወስዶ መልእክቱን «ልክ ያልሆነ መረጃ» ብሎ ጻፈው። የቱ መረጃ? እንዴት ይስተካከል? ወይ ደግሞ ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ለስክሪን ሪደር የምትናገረውን ትንሿን የኮድ ምልክት መቀየር ረሳ። ያኔ ሶፍትዌሩ የአገሩን ቋንቋ በእንግሊዝኛ ድምፅና ሕግ ሊያነበው ይሞክራል። የሚወጣውን ነገር ሰምቶ የሚረዳ የለም።

«የሚጋሩት ኮድ ብቻ ነው»

ለእኔ ከኮዱ ይልቅ ውድ የሆነው ኮዱ እንደዚያ የተሠራበት ምክንያት ነው። እነዚሁ ብሪታንያውያን በ2020 ቁጥር የሚሞላበትን ሳጥን አሠራር ቀየሩ። ድር ለቁጥር ተብሎ የተዘጋጀ የራሱ የሳጥን ዓይነት አለው፤ ማንም ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚመርጠው እሱን ነው። ችግሩ፣ ሰው ቁጥሩን ሞልቶ ገጹን በማውስ ወደታች ሲያንሸራትት ቁጥሩ ሳይታወቀው ሊቀየር ይችላል። አንዳንድ የድምፅ ማዘዣና የስክሪን ንባብ ሶፍትዌሮችም ሳጥኑን በወጉ አይረዱትም ነበር። ስለዚህ ተራ የጽሑፍ ሳጥን አደረጉት፤ በስልክ ላይ ግን የቁጥር ኪቦርድ ይመጣል። ለምን እንደቀየሩትም በዝርዝር ጽፈው ለሕዝብ አወጡት።

ኮዱን ብቻ የወሰደ ቡድን ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ነገ ጠዋት አዲስ ሠራተኛ ይመጣና «ይኼ እኮ ቁጥር ነው፣ ለምን በጽሑፍ ሳጥን ተሠራ?» ብሎ «ያስተካክለዋል»። የተፈታው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

«ጥሩ መፈተሻ ሶፍትዌር ካለ ሰው አያስፈልግም»

እዚያው ብሪታንያ በ2017 አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ሆን ተብሎ ከ140 በላይ ችግር የታጨቀበት ገጽ ተሠራና በርካታ አውቶማቲክ መፈተሻዎች ተሞከሩበት። ከሁሉ የተሻለው ያገኘው 40 በመቶ ገደማውን ነው። ሶፍትዌር ምስሉ ማብራሪያ እንዳለው ያያል፤ ማብራሪያው «ፎቶ 3» ቢልም ያልፈዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ብቻ ሳይሆን ሰው የሚፈትሽበትን መንገድም መጋራት ይቻላል። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይህን አድርጓል። ሁለት ሰዎች አንድን ገጽ ለየብቻ ፈትሸው አንድ ውጤት ላይ እንዲደርሱ የሚያስችል የፍተሻ ዘዴ አዘጋጅቶ ሥልጠናውን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል።

«ኮድ ክፍት ከሆነ ለጠላፊ ይጋለጣል»

የበተን መልክና የስህተት ሳጥን ምስጢር አይደሉም፤ ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ በብራውዘሩ ሊያያቸው ይችላል። የይለፍ ቃልና የዜጎች መረጃ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ነው፤ ማንም አጋሩ አላለም።

«ሀብታም ይሰጣል፣ ድሃ ይቀበላል»

ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ተመልከቱ። በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች በየቋንቋቸው ይተረጉሙታል። ዛሬ መንግሥታት ድረ ገጾቻቸውን ከሚፈትሹባቸው መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነው። የሀብታም አገር ባለሥልጣን ያላሰበውን ችግር በትርፍ ሰዓቱ የሚተረጉም ሰው ሊያገኘው ይችላል።

ከድረ ገጽ ወጣ ብለን መጻሕፍትንም እንይ። ቀድሞ አንድ መጽሐፍ በአንድ አገር ለዓይነ ስውራን በብሬል ወይም በድምፅ ቢዘጋጅ፣ የቅጂ መብት ሕጉ ብዙውን ጊዜ ድንበር አያሻግረውም ነበር። ሌላው አገር ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ያዘጋጃል። በ2013 የተፈረመውና በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የማራካሽ ስምምነት አባል አገራት እነዚህን ቅጂዎች እንዲለዋወጡ ፈቀደ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰጪ ነው፣ ሁሉም ተቀባይ ነው። አንድ ቋንቋ በሁለት አገር የሚነገር ከሆነማ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

«ለጥቂት ሰዎች ይህ ሁሉ ድካም?»

የዓለም ጤና ድርጅት የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ቁጥር 1.3 ቢሊዮን ገደማ ያደርሰዋል። ከ6 ሰው አንዱ ማለት ነው። «ጥቂት» የሚለው ነገር እዚህ ጋ ይብቃው።

«አንዴ ወስደናል፣ ፋይሉ ተዘግቷል»

መስፈርቱ ይንቀሳቀሳል። የዊካግ 2.2 እትም በጥቅምት 2023 ሲወጣ 9 አዳዲስ ነጥቦችን ጨመረ። አንዱ ወደ አካውንት ለመግባት ብቻ ሰውን እንቆቅልሽ ማስፈታትን ይመለከታል፤ ሌላ አማራጭ መኖር አለበት። ሌላው በጣት የሚነኩ ትንንሽ በተኖችን ይመለከታል፤ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁኑ ይላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይህች ቁጥር ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል።

ኮዱ ከተወሰደበት ምንጭ ጋር ሳይቆራረጥ የቆየ መሥሪያ ቤት ማሻሻያውን ሲወጣ ያስገባል፤ ከዚያ በራሱ ገጽ ላይ ይፈትሸዋል። ገልብጦ የራሱ ያደረገው ደግሞ እያንዳንዱን በተን በእጁ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮዱ ከመወሰዱ በፊት ሁለት ሰዎች በስም ይመደቡ። አንዱ ማሻሻያ ሲወጣ የሚያስገባ ነው። ሌላው እዚህ የተገኘን ችግር ለምንጩ የሚያሳውቅ ነው፤ ይህ በብዙ ቦታ የሚረሳው ነው። ችግሩ ምንጩ ላይ ከታረመ ማሻሻያውን የሚከታተሉ ሁሉ ጋ ይደርሳል። የተገለበጠው ቅጂ ላይ ብቻ ከታረመ ግን እዚያው ይቀራል።